ከእርስዎ ቀድሞ የሚገባው ስም

ከብሔራዊ ቴአትር ተነስቶ ወደ ሰንጋ ተራ የሚያቀና ሰው ቀና ካለ የባንኮችንና የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ስም ከየፎቁ አናት ላይ ያነባል። የሕንፃዎቹ ስም ከሩቅ ይታያል። በውስጣቸው ተቀምጠው የሚወስኑት ሰዎች ስም ግን ጉግል ላይ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሪባን ሲቆረጥ የተነሳ የቡድን ፎቶ፣ ከሁለት መሥሪያ ቤት በፊት የነበረ የሥራ መደብ፣ ወይም ስሙ ተሳስቶ የተጻፈበት አጭር ዜና ነው።

ይህ በእርስዎም ላይ ይሠራ እንደሆነ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። የፍለጋ ታሪክ የማይመዘግበውን የማሰሻ መስኮት ይክፈቱ። ስምዎን አንድ ጊዜ በግዕዝ ፊደል፣ አንድ ጊዜ በላቲን ፊደል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከመሥሪያ ቤትዎ ስም ጋር ይፈልጉ። በእያንዳንዱ ፍለጋ የመጀመሪያውን ገጽ ስክሪንሹት አንስተው ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ። ከስድስት ወር በኋላ ሥራው ወደፊት ሄዶ እንደሆነ የሚነግርዎ እሱ ነው።

ማን ነው የሚፈልግዎት? የውጭ ኮረስፖንደንት ባንክ (ለአገር ውስጥ ባንኮች ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚያስተላልፈው) የቁጥጥር ክፍል የቦርድ አባላትንና የሥራ ኃላፊዎችን ስም ያጣራል። የልማት ፋይናንስ ተቋም የብድር ውል ከመፈረሙ በፊት ያጣራል። ከሌላ ድርጅት ሊያመጡት የሚፈልጉት ጎበዝ የፋይናንስ ኃላፊ «ከማን ጋር ነው የምሠራው?» ብሎ ያያል። ጋዜጠኛውም ከመደወሉ በፊት ያያል። እነዚህ ሰዎች ምንም ባያገኙ «ሰውየው ትሑት ነው» ብለው አያልፉም። ባዶውን ቦታ ሌላ ሰው በጻፈው ይሞሉታል።

በዚህ ጉዳይ እኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት የሥራ መሪ አለ። አንደኛው ስለ ራስ ማውራት ነውር ነው ተብሎ አድጓል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ሁለተኛው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ትዕዛዝ ሰጥቶ በየስብሰባው የተነሳውን ፎቶ በየቀኑ ያስለጥፋል። የሚቃረኑ ቢመስሉም የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ጉዳዩ የሰውየው ፊት መስሏቸዋል። ጉዳዩ ግን ሥራው ነው። የአንድ ሥራ መሪ ስም ኢንተርኔት ላይ የሚገነባው በየዕለቱ የሚወስነውን አንድ ነገር ከሌላው ሰው በተሻለ ሲያስረዳ፣ ያንንም ሳይሰለች ሲቀጥል ነው። አማርኛ አዋቂን ከታዋቂ የለየው በአንዲት ፊደል ነው፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው የመጀመሪያው ነው። ዝም ያለው ሰው ይህን ቢያውቅ ትሕትናውን ሳይጥል መጻፍ ይችል ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን ስሙ ራሱ መስተካከል አለበት፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች «የመጨረሻ ስም» የሚሉት ሳጥን ውስጥ የአባት ስም ይገባል። ችግሩ የሚመጣው ከላቲን ፊደሉ ነው። ጸጋዬ በ«ቲ ኤስ» ይጀምራል ወይስ በ«ኤስ» ብቻ? ቀ በ«ኪው» ትጻፋለች ወይስ በ«ኬ»? ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ የባለሙያዎች መድረክ በሆነው ሊንክድኢን ላይ ሌላ፣ የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ከሆነ ለፍለጋ ሞተሩ ሦስት ሰው ሆነዋል። አንዱ ላይ የተጻፈው መልካም ነገር ለሌላው አይቆጠርም። ስም የሚያጣራው የውጭ ባለሙያም የሰነዱንና የፕሮፋይሉን ስም ማገናኘት ያቅተዋል።

መፍትሔው የፓስፖርቱን አጻጻፍ መያዝ ነው። ባይወዱትም እሱን ይያዙ፤ ውልና ቪዛ ላይ የሚገባው እሱ ስለሆነ። ሞክሼዎ ብዙ ከሆኑ የአያት ስም ይጨምሩና ከዚያ በኋላ በሁሉም ቦታ ሦስቱንም ይጠቀሙ፤ አንድ ቦታ ጨምሮ ሌላ ቦታ መተው ከቀድሞው የባሰ ነው። በአማርኛም እንዲሁ ኃይሌ በየትኛው «ሀ»፣ ፀሐይ በየትኛው «ጸ» እንደሚጻፍ ይወሰን። የተለያየውን ሆሄ የፍለጋ ሞተር ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያነበውም። ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ አቶ የሚለውን ስም ሳጥን ውስጥ አያስገቡ፤ ማዕረጉ ያለበት ቦታ ሌላ ነው። ሊንክድኢን የስም አጠራር በራስ ድምፅ ለመቅዳት 10 ሴኮንድ ይሰጣል፤ በስልኩ መተግበሪያ በኩል ይቀዳል። ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጸ ላለበት ስም ይህች 10 ሴኮንድ ከውጭ ሰው ጋር በሚደረግ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ትልቅ ውለታ ትውላለች።

ይህ ከተወሰነ በኋላ አንድ ገጽ ይዘጋጅ፤ ስም በሁለቱም ፊደል፣ የአሁኑ የሥራ መደብ፣ የ50 ቃል መግለጫ፣ የ150 ቃል መግለጫ፣ አንድ ፎቶ። ጸሐፊዎ ዘንድ ይቀመጥ። አዲስ አበባ ውስጥ የጉባኤ አዘጋጆች «የሕይወት ታሪክዎን ይላኩልን» የሚሉት ብዙ ጊዜ ዝግጅቱ አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ ጸሐፊዋም በእጇ ያለውን የድሮ ሲቪ ትልካለች። ጉግል ላይ የሚቀረው አሮጌ የሥራ መደብ አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። ጋዜጣ ላይ ስም ተሳስቶ ከወጣም ለአዘጋጁ በዚያው ቀን በትሕትና መጻፍ ነው። የድረ ገጹ ቅጂ ወዲያው ሲታረም ቀላል ነው፤ ሌሎች ገጾች ከቀዱት በኋላ ግን የሚያርመው የለም።

ስለ ፎቶው ብዙ መባል የለበትም። ከሠርግ ፎቶ ተቆርጦ የሌላ ሰው ትከሻ የቀረበት አይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ከዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ ወይም በሕንፃ ጥላ ሥር፣ ወይም ቢሮ ውስጥ ከመስኮት ጎን ይነሱ። ፊት የፍሬሙን ከግማሽ በላይ ይያዝ፤ ሥዕሉ ስልክ ላይ ትንሽ ክብ ሆኖ ስለሚታይ። ከበስተኋላ ያለው የሽፋን ምስል ሊንክድኢን ላይ 1584 በ396 ፒክስል ነው፤ ከዚህ መጠን ውጭ ከሆነ የድርጅቱ አርማ ግማሹ ሊቆረጥ ይችላል።

ከስም በታች ያለችው መስመር 220 ሆሄ ትይዛለች። እዚያ ላይ «ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ባለራዕይ መሪ፣ የለውጥ ሰው» ብሎ የጻፈ ሰው ቦታውን አባክኗል፤ ይህን ማንም ስለማንም ሊጽፈው ይችላል። «የ... ባንክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ። አነስተኛ አምራች ያለ ቤትና መኪና ዋስትና እንዴት ይበደራል የሚለውን እሠራበታለሁ፣ እጽፍበታለሁ» ያለው ግን ማን ሊፈልገው እንደሚገባ ነግሯል። «ስለ እኔ» የሚለው ክፍል እስከ 2,600 ሆሄ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን «ተጨማሪ አንብብ» የሚለው ሳይነካ የሚታየው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው። የትውልድ ቦታና የትምህርት ታሪክ ወደ ታች ይውረድ። ከላይ የሚሆነው አሁን የሚመሩት ምንድን ነው፣ ለማን ነው፣ በቁጥር ምን ያህል ነው የሚለው ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ስምዎም እዚሁ መጀመሪያ ላይ ይግባ፤ በአማርኛ የሚፈልግዎት ሰው እንዲያገኝዎት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንሂድ፤ ምን ይጻፍ?

ሰው ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጦ «ዛሬ ምን ልበል» ካለ የሚጽፈው ስለ አመራር ጥበብ ነው፤ ስለ አመራር ጥበብ የሚጻፈው ደግሞ ሁሉም ያነበበው ነው። ከዚያ ይልቅ ባለፉት ሦስት ወራት ሰዎች የጠየቁዎትን ጥያቄ ይሰብስቡ። ከደንበኛ፣ ከሠራተኛ፣ ከቦርድ፣ ከባለ አክሲዮን፣ ከዘመድም ቢሆን። ከጸሐፊዎ ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጠው የቀጠሮ ደብተሩን ቢገልጡ 30 ጥያቄ ማግኘት አያስቸግርም። ከእነዚህ ውስጥ መልሱን ከሌላ ሰው በተሻለ የሚያውቁት እርስዎ በተቀመጡበት ወንበር ምክንያት የሆነባቸውን ይለዩ። ምናልባት 12 ይቀራሉ። በሳምንት አንድ ቢወጣ የሦስት ወር ሥራ ነው።

የቡና ላኪ ከሆኑ፣ ኮንቴይነር ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተነስቶ ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪወጣ የት የት ይቆማል፣ በየትኛው ማቆሚያ ላይ የትኛው ወረቀት ሲጎድል ስንት ቀን ይባክናል? ኢንሹራንስ የሚመሩ ከሆኑ፣ የካሣ ጥያቄ የሚዘገየው ለምንድን ነው? የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ሳይያያዝ፣ የጋራዥ ዋጋ ማቅረቢያ ሳይሟላ የሚመጣው ፋይል ጠረጴዛ ላይ ምን ይሆናል? ባንክ ከሆነ፣ ጥሩ የሚሸጥ ሱቅ ብድር የሚከለከለው ሽያጩ በሒሳቡ ውስጥ ስለማያልፍ መሆኑን ባለሱቁ ከማን ይስማ? ተቋራጭ ከሆኑ፣ በቋሚ ዋጋ የተፈረመ ውል የብረት ዋጋ ሲጨምር ከየት ጀምሮ ይሰነጠቃል? እነዚህ ምስጢር አይደሉም። በየቢሮው በቃል በየቀኑ የሚነገሩ ናቸው፤ የሚጎድለው ጽፎ የሚያስቀምጣቸው ሰው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጽሑፍ ግን የውሳኔ ጽሑፍ ነው። አራት ነገር ይይዛል፤ ምን ወሰንን፣ ምን ትተን ወሰንን፣ ምን አስከፈለን፣ አሁን ብንሆን ምን እንለውጥ ነበር። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይጽፋል። አንባቢ የሚያምነው ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲያይ ነው፤ የተተወውን አማራጭ በፍትሐዊነት የሚያስረዳ ሰው የመረጠውንም አስቦበት እንደመረጠ ይታወቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲተው፣ ዕቃ ከውጭ የሚያስገባ ድርጅት ሁሉ በአንድ ቀን አዲስ ሒሳብ ገጠመው። በእንዲህ ያለ ሳምንት «መጋዘን ያለው ዕቃችን በድሮው ተመን የገባ ነው፤ ቀጣዩ ጭነት በአዲሱ ይገባል፤ ዋጋ የምንከልሰው በዚህ ቀን፣ በዚህ መንገድ ነው» ብሎ በስሙ የጻፈ ሥራ አስኪያጅ ከደንበኞቹ ጋር ዓመታት የሚቆይ ነገር ይገነባል። ሦስት አንቀጽ ናት። የምታስፈራው በስም ስለምትፈረም ነው፤ ዋጋዋም ያ ነው።

የበዓል ፖስተሮችን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ዒድ፤ በየበዓሉ የሥራ መሪው ፎቶ ከአደይ አበባ ወይም ከጨረቃ ጋር ተሰናድቶ ይወጣል። እንኳን አደረሳችሁ ማለት ባህላችን ነው፤ ማስቀረት አያስፈልግም። ግን ፎቶውን ትተው ሁለት ዓረፍተ ነገር በራስዎ እጅ ይጻፉ፤ በዓሉን ተረኛ ሆነው በሥራ ላይ ለሚያሳልፉት ሠራተኞች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። የዋዜማ ፈረቃ ላይ ያለው ሰው ያነበዋል።

ቋንቋው ሁለት ነው፣ ስለዚህ ሥራውም ሁለት ነው። ሊንክድኢን ላይ ያለው አንባቢ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ይጠብቃል፤ ባለ አክሲዮኑ፣ አከፋፋዩና ደንበኛው ቴሌግራም ላይ በአማርኛ ናቸው። አንዱን ጽሑፍ ወደ ሌላው መተርጎም አይሠራም። ለውጭ ሰው ሞጆ የት እንደሆነ መንገር ያስፈልጋል፤ ለባለሱቁ አያስፈልግም። ሐሳቡን ይዘው ሁለት ጊዜ ይጻፉት። በአንድ የሊንክድኢን ፖስት 3,000 ሆሄ ይፈቀዳል፤ ቴሌግራም በአንድ መልእክት 4,096 ይይዛል፣ ከፎቶ ሥር ግን 1,024 ብቻ። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ሆሄ ስለሚይዝ በአማርኛ ሲጻፍ በዚያው ቦታ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ በሽታ አለ። መግለጫ በድርጅቱ ራስጌ ወረቀት ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይረገጥበታል፣ ስካን ይደረግና እንደ ፎቶ ይለጠፋል። ማኅተሙ ክብደት ይሰጣል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም፣ ኮፒ አይደረግም፣ ዓይነ ስውር ሠራተኛ በስልኩ ሊያስነብበው አይችልም። ፎቶውን ይለጥፉ፣ ከሥሩ ሙሉ ጽሑፉን ይጻፉ። ሌላው፣ አንዳንድ ጽሕፈት ቤት እስካሁን ዩኒኮድ (በሁሉም ስልክና ኮምፒውተር አንድ ሆኖ የሚነበበው አሠራር) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፊደል ይጽፋል። እሱ ከወርድ ተገልብጦ ስልክ ላይ ሲለጠፍ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝርክርክ ይሆናል። ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ፣ ከመለጠፉ በፊት በአንድ ሌላ ስልክ ላይ ይነበብ።

ጊዜው ከየት ይመጣል? በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃል፣ ግን ተከፋፍሎ። ሰኞ ጠዋት መኪና ውስጥ ወይም ቢሮ በር ዘግተው የሳምንቱን ጥያቄ በድምፅ ለ15 ደቂቃ ይመልሱ፤ ለሰው እንደሚያስረዱ ሆነው። ማክሰኞ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ወደ ጽሑፍ ይለውጠው፤ ሥራው ማሳጠር እንጂ ማስዋብ አይደለም። «ተቋማችን ከመቼውም ጊዜ በላይ» የሚል ሐረግ በመሃል ከገባ እርስዎ አላሉትም፤ ይውጣ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ብቻ የተጻፈ ጽሑፍም ወዲያው ይታወቃል፣ ሁሉም ጎረቤት ድርጅት ያንኑ ድምፅ ስለሚያወጣ። ረቡዕ ቁጥሮቹን ፋይናንስ፣ ስሞቹንና ውሎቹን ሕግ ክፍል ያይ። ሐሙስ እርስዎ ራስዎ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ምላስዎ የሚሰናከልበት ቦታ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ስላልሆነ ነው። ከዚያ ይውጣ።

ኮሜንት ግን በሌላ ሰው እጅ አይመለስ። ጽሑፉን ሌላ ሰው ቢያግዝ ነውር የለውም፤ በእርስዎ ስም ከደንበኛ ጋር የሚነጋገር ሌላ ሰው ካለ ግን ያ ማታለል ነው፣ አንድ ቀንም ይገለጣል። በወጣበት ቀን 20 ደቂቃ፣ በማግሥቱ 10 ደቂቃ ይመድቡ። ቅሬታ ካለ እዚያው በአንድ መስመር ተቀብለው ወደሚመለከተው ክፍል ያስተላልፉ፤ ከዚያ ተመልሰው ምን እንደሆነ እዚያው ይጻፉ። ሁለተኛው መስመር ነው የሚረሳው።

ቀጠሮ በሚያዝበት ጊዜ ስለ ሰዓት ይጠንቀቁ። «ጠዋት 2 ሰዓት ይውጣ» ተብሎ የታዘዘ ሠራተኛ መተግበሪያው ላይ 2:00 ኤኤም ብሎ ካስገባው ጽሑፉ የሚወጣው በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ትዕዛዙ በጽሑፍ ሲሰጥ በሁለቱም አቆጣጠር ይሁን፤ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማለትም 8:00 ኤኤም። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ፤ በአማርኛው ጽሑፍ 2016 ዓ.ም. ያሉት በእንግሊዝኛው 2024 ካልሆነ የድርጅቱ የገቢ ሠንጠረዥ የስምንት ዓመት ስህተት ይመስላል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 መዘጋቱንም የውጭ አንባቢ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ይንገሩት።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ የዓመቱን ትርፍ ቶሎ መናገር። በኦዲተር ያልተመረመረ ሒሳብ ከሆነ ያልተመረመረ መሆኑ ይጻፍ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጋገን ባንክን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ አድርጎ ከተከፈተ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ከባድ ሆኗል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የአክሲዮን ዋጋን የሚነካ የውስጥ መረጃ ለሕዝብ ሳይገለጥ መጠቀም የተከለከለ ነው፤ የተመዘገበ ኩባንያ ኃላፊ በግል ቻናሉ ቀድሞ የሚናገረው ቁጥር ወደ መርማሪ ሊያስጠራው ይችላል። የምሥረታ አክሲዮን ሽያጭን በፖስት ማስተዋወቅም እንደ ቀላል ነገር የሚቆጠር አይደለም፤ ለሕዝብ የሚቀርብ አክሲዮን በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። የደንበኛን ጉዳይ «ስሙን ሳንጠራ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ገበያው ትንሽ በሆነበት ከተማ ስም እንደመጥራት ነው። የሠራተኛንና የደንበኛን ፎቶ ከመለጠፍዎ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን በማሰራጨት የሚጣለው ቅጣት ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሲፈጸም ይከብዳል። ተከታይዎ በበዛ ቁጥር ሳያጣሩ ማጋራት ውድ ይሆናል።

ስም ሲያድግ አስመሳይ ይከተላል። በሥራ መሪ ፎቶና ስም ቴሌግራም ላይ አካውንት ተከፍቶ «ኢንቨስት አድርጉ» የሚል መልእክት ይላካል። ከመጀመሩ በፊት ስምዎን በየመድረኩ ይያዙ፣ ባይጠቀሙበትም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ይክፈቱ፤ ኮዱ በኤስኤምኤስ ሳይሆን በማረጋገጫ መተግበሪያ ይምጣ፣ መድረኩ ከፈቀደ። ውጭ አገር ሮሚንግ ላይ ሆነው ኤስኤምኤስ ሲጠብቁ አካውንቱ ሊዘጋብዎት ይችላል። የመጠባበቂያ ኮዶቹ ታትመው ካዝና ይግቡ።

ከአስመሳዩ ይልቅ የሚጎዳው ግን የገዛ ቤት ዝርክርክነት ነው። የፌስቡክ ገጹን የከፈተው የቀድሞ የማርኬቲንግ ሠራተኛ በግል አካውንቱ፣ የቴሌግራም ቻናሉ በእሱ ስልክ ቁጥር፣ ዶሜኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) ደግሞ ድረ ገጹን በሠራው ልጅ ኢሜይል። ሠራተኛው ሲለቅ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ገጹ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ሁለት ሰዎች ይኑሩ፣ አንዱ እርስዎ። የቴሌግራም ቻናል ባለቤትነት ማዛወር ይቻላል፤ ነገር ግን የሚያዛውረው ሰው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከከፈተ ቢያንስ 7 ቀን፣ በዚያ መሣሪያ ከገባ ደግሞ 24 ሰዓት ሊሞላው ይገባል። ስለዚህ በመሰናበቻው ዕለት ጠዋት የሚጀመር ሥራ አይደለም።

የራስ ድረ ገጽ ደግሞ ቅንጦት አይደለም። ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገር ውስጥ ተገድበው ነበር፤ አምስት ወር ሙሉ። በእነዚያ ብቻ የተቀመጠ ስም በዚያ ጊዜ ገደቡን የሚያልፍ መተግበሪያ (ቪፒኤን) ከሌለው አንባቢ ተደብቆ ነበር። አንድ ገጽ በስምዎ ዶሜን ይኑርዎት፤ ጽሑፎቹ ሁሉ እዚያ ይቀመጡ፣ የኢሜይል ዝርዝርም ቀስ እያለ ይሰብሰብ። ትክክለኛ አካውንቶችዎ የትኞቹ እንደሆኑም እዚያ ይዘርዘር፤ አስመሳይ ሲመጣ ሰው የሚላከው ወደዚያ ነው። የዶሜኑ ዕድሳት በውጭ ምንዛሪ ካርድ የሚከፈል ከሆነ ለብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ይክፈሉ፤ ካርዱ ሲያልቅበት የጠፋን ዶሜን ሌላ ሰው ይገዛዋል።

ተከታይ መቁጠር ትቼ አልፋለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የተገዛ ተከታይ ራሱን ያጋልጣል፤ ቴሌግራም ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ስንት ሰው እንዳየው ያሳያልና። 50,000 አባል ያለው ቻናል 300 ዕይታ ሲኖረው ማንም ሰው ያያል። በየወሩ መመዝገብ ያለበት ሌላ ነው፤ ጽሑፉን አንብበው የጻፉልዎ ሰዎች ምን ሥራ ላይ ያሉ ናቸው፣ በስንት ስብሰባ ላይ «ያነበብኩት ላይ እንዳሉት» ተባለ፣ የጉግሉ የመጀመሪያ ገጽ ተለወጠ ወይ።

ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ሲስተም ሲቋረጥ፣ ዕቃ ሲበላሽ፣ አደጋ ሲደርስ፣ ይህ ሁሉ ይፈተናል። በመጀመሪያው ሰዓት የሚያስፈልገው አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምን ሆነ፣ ማንን ነካ፣ አሁን ምን እየተሠራ ነው፣ ቀጣዩ መረጃ በስንት ሰዓት ይወጣል። ምክንያቱ ካልታወቀ «ምክንያቱን እያጣራን ነው» ይባል፤ ግምት አይጻፍ። የተባለው ሰዓት ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖርም ይጻፍ። ይህን ማን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚያጸድቅ፣ በግል አካውንትዎ ምን እንደሚባልና በድርጅቱ ምን እንደሚባል ከቦርዱ ጋር ቀድሞ በአንድ ገጽ መስማማት ያስፈልጋል። የቦርድ ሰብሳቢው የሥራ አስኪያጁን ስም ከድርጅቱ ስም በላይ ሲያይ የሚሰማው ቅሬታ ተገቢም ሊሆን ይችላል። ያ አንድ ገጽ ቅሬታውን ከመጠንሰሱ በፊት ያስቀረዋል።

በዚያው ገጽ ላይ ስለ መሰናበትም ይጻፍ። የግል አካውንቱ የእርስዎ ነው፤ ስለ ድርጅቱ የጻፉት ውስጥ ምን ይቆያል፣ ምን ይነሳል የሚለው ይወሰን። ከዚያ አራት ትናንሽ ሥራዎች ይቀራሉ። የሥራ ኢሜይሉን ከሁሉም አካውንት አውጥቶ በግል ኢሜይል መተካት፣ ከስም በታች ያለችውን መስመር በለቀቁበት ዕለት መለወጥ፣ ጸሐፊዋ ዘንድ ያለውን አንድ ገጽ ማደስ፣ ለባልደረቦች አጭር ምስጋና መጻፍ። የመጀመሪያው መልቀቂያው ከመግባቱ በፊት ይሠራ፤ የድርጅቱ ኢሜይል ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በዚያው ከሰዓት ነው።